የሚወድቀው ሰውዬ

የልጅ ልጄ ማርታ ስልኳን ይዛ ትንከተከታለች። ጥድፍድፍ የሚለውን ፒያኖ ስሰማ ሳላየው አወቅሁት፤ ያ በድምፅ አልባ ፊልም የሚያስቀው ኮሜዲያን ነው።

ልጅ ሳለሁ፣ አቃቂ አባቴ በሚሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ እሑድ ከሰዓት በአዳራሹ ግድግዳ ላይ አቡጀዲ ተወጥሮ የዚህ ኮሜዲያን ፊልም ይታይ ነበር። አንድ እሑድ አባቴ የጥጥ ብናኝ ፀጉሩ ላይ እንዳለ ከፈረቃ ወጥቶ ሲገባ፣ በጨለማው አግዳሚ ወንበር አደናቀፈውና በግንባሩ ተደፋ። ሰው ሁሉ አውካካ። አንዱማ "ይኸኛው ደግሞ ድምፅ አለው!" አለ።

ብድግ አልኩና "ምን ያስገለፍጣችኋል? ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ የዋለ ሰው ነው!" ብዬ ጮህኩ።

አባቴ ጉልበቱን እያሸ አጠገቤ ተቀመጠ። "ተይ ልጄ። ያኛው ፊልሙ ላይ ሲወድቅ አንቺም ትስቂ የለ? እሱስ ሥራ ላይ አይደል?" አለኝ። አልገባኝም፤ አኮረፍኩ።

ዛሬ ጉልበቴን የማሸው እኔ ነኝ።

"እማማ፣ እዩት እንጂ!" ማርታ ስልኩን አስጠጋችልኝ። ከወጣትነቱ እስከ ሽበቱ በሠራቸው ፊልሞች የወደቀውን ሁሉ ቆራርጠው ቀጣጥለውታል። መጨረሻ ላይ ሸምግሏል፤ አሁንም ይወድቃል።

"ሲነሳስ?" አልኳት።

"እሱን ቆርጠው አውጥተውታል።"

"ይሄማ ግፍ ነው። ሙሉውን ፈልጊና ሲነሳ አሳዪኝ።"