በማለዳ በር የምታንኳኳው ሮማን

«ውሸት ነው» የሚለኝ ሰው እየጠበቅኩ ነው። እስካሁን ማንም አላለኝም።

ለንደን፣ ኪልበርን ላይ አውቶብስ ውስጥ ቆሜ እያለሁ ስልኬ ጮኸ። «የሮማንን ሰማሽ?» ይላል መልእክቱ። በእኛ ቋንቋ እንዲህ ተብሎ ከተጠየቀ በኋላ የሚሰማ ደህና ነገር የለም። ትናንት ቢሮዋ ውስጥ ልቧ ቆመ አሉኝ። ሐሙስ አብረን ስቀናል እኮ! ደጋግሜ ደወልኩላት፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ፌርማታዬ ሳይደርስ ወርጄ መንገድ ዳር አለቀስኩ።

ለማታውቋት፦ ሮማን ዶክተር ናት፤ የሕክምና ግን አይደለችም። ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ የደም ግፊት ክኒናቸውን እያወጡ ያሳዩዋት የነበሩ እናቶች አይቀየሙኝ። እሷ የምታጠናው ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ ሽጉጥ ይዘው እንዳይገቡ፣ እንዳይተኩሱ ምን ማድረግ እንደሚቻል ነው። በየአገሩ የደረሰውን ስታነብ ኖረች።

እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ። ልጄ ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገየች መስኮት ላይ ቆሜ መንገዱን አያለሁ። የሆነ አገር ትምህርት ቤት ውስጥ ተተኮሰ የሚል ዜና ከሰማሁ፣ ለንደን ውስጥ መሣሪያ እንደዛ አይገኝም ቢሉኝም እንቅልፍ አይወስደኝም። አንድ ቀን «ይሄን ሁሉ እያነበብሽ እንዴት ትተኛለሽ?» አልኳት።

«ስላነበብኩት እኮ ነው የምተኛው» አለችኝ። «አንቺ ዜናውን አይተሽ እዛው ትቀሪያለሽ። እኔ ከዛ በፊት የነበረውን ነው የማየው። ሊተኩስ ያሰበ ልጅ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ይናገራል። ለጓደኛው፣ በቀልድ፣ በስልክ። ሰሚ ካገኘ ይደረስለታል። የተደረሰላቸው ሞልተዋል፤ ዜና ስለማይሆኑ ነው የማታውቂያቸው።»

ለወላጆች ስትናገር ደግሞ እንዲህ ትል ነበር፦ «እኛ መርዶ ለመንገር ተጠራርተን በማለዳ የምንሄድ ሰዎች ነን። ብቻውን የሚሄድ የለም። ታዲያ ልጁ በሕይወት እያለ ለምን ተጠራርተን አንሄድም?»

የምሯን መሆኑ የገባኝ ኋላ ነው።

ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ስልኳን አሳየችኝ። አብሯት የሚማር የሐበሻ ልጅ የሽጉጥ ፎቶ ልኮ «ሰኞ ሁላችሁም ታዩኛላችሁ» ብሎ ጽፏል። ለሮማን ደወልኩ። ወዲያው ለትምህርት ቤቱ አሳወቀች። ፖሊስ ቤቱን ፈተሸ፤ ሽጉጥ የሚባል ነገር የለም፣ ፎቶው ከኢንተርኔት የወሰደው ነው። ልጁ ከትምህርት ታገደ። እናቱ ገመናዋን ይዛ በሯን ዘጋች፣ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

እኔ ተመስገን፣ አለቀ አልኩ። ሮማን ግን «የታገደ ልጅ ብቻውን ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ምን የሚያስብ ይመስልሻል? ሥራችን ገና አሁን ነው የሚጀመረው» አለችኝ።

እናትየው የማታ ሥራ ስለምትሠራ በማለዳ ካልሆነ አትገኝም። እሑድ ጎህ ሲቀድ ሁለት ጓደኞቻችንን ጨምረን ዊልስደን፣ ቤታቸው ሄድን። ከዛ ቤተ ክርስቲያን ስለምንሄድ ሁላችንም ነጠላ ለብሰናል። አስቡት እንግዲህ፦ በማለዳ፣ ነጠላ የለበሱ አራት ሴቶች፣ ሳይደውሉ! ማናችንም ልብ አላልነውም፤ የመርዶን ነገር ስትሰብክ የኖረችው ሮማን እንኳ።

ሴትየዋ በሩን ከፍታ ስታየን ደረቷን መታች። «እናቴ ናት አይደል? እናቴን!» ብላ ጮኸች። ጎረቤቱ ሁሉ መስኮት ከፈተ። ሮማን ጥምጥም አለችባት። «ማንም አልሞተም! ስሚኝ፣ ማንም አልሞተም። ለዚህ ነው የመጣነው!»

ልጁ የእናቱን ጩኸት ሰምቶ ደረጃው ላይ ቆሟል። ያን ፊቱን መቼም አልረሳውም። ሮማን አልተቆጣችውም፤ «ማነው የጎዳህ?» ብቻ አለችው። እያለቀሰ ነገራት፤ የክፍሉ ልጆች ሲደበድቡትና በስልክ ሲቀርጹት ነው የከረሙት። ከዛ ቀን ጀምሮ ሮማን አልለቀቀችውም። ትምህርቱን እስኪጨርስ ስትደውል፣ ስትጨቀጭቅ፣ ምሳ ስትጋብዘው ነበር።

ከዛ ወዲህ ሌሎችም ቤቶች አንኳኩተናል። በሩ ሲከፈት የመጀመሪያ ቃሏ ሁሌ «ማንም አልሞተም፤ ለዚህ ነው የመጣነው» ነው። የደነገጠው ሰው ይስቃል፣ ከዛ ግቡ ይለናል።

ነገም ከሷ ጋር የምንሄድበት ቤት ነበር። ስምም ሰፈርም አልጠራም። ያ የዊልስደኑ ልጅ፣ አሁን ኮሌጅ የገባው፣ ዛሬ ደወለልኝ። «አክስቴ፣ ሪሊ?» አለኝና አብረን አለቀስን። ከሮማን ሰምቶ ኖሮ፣ ስልኩን ሊዘጋ ሲል «የነገውን ግን ካንስል እንዳታደርጉት» አለኝ።

ለቅሶው ሃክኒ እህቷ ቤት ነው። የቻላችሁ ድረሱ፣ እህቷን ብቻዋን አትተዉአት።

ሮሚዬ፣ ፈርቻለሁ። እስከ ዛሬ አንቺ ነሽ የምትናገሪው፤ እኔ ከኋላሽ ቆሜ ነጠላዬን ሳስተካክል ነበር። ድምፄ ይወጣ ይሆን? አላውቅም። ግን እሄዳለሁ።

ደህና ሁኚ እህቴ። አንቺ ተኚ፤ ነቅቶ መጠበቁን ለእኔ ተይልኝ፣ ለምጄዋለሁ። ነገ በሩ ሲከፈት እንዳስተማርሽኝ «ማንም አልሞተም» እላለሁ። እንዳላለቅስ ብቻ ለምኚልኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሸት ነው።