በፎጣ ሥር ያለው ዋጋ

ባለፈው ቅዳሜ ለበዓል ፍየል ልገዛ ስወጣ የእህቴ ልጅ ሄለን በር ላይ አስቆመችኝና ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። «አጎቴ፣ በዚህ ፀሐይ ምን ያለፋሃል? የዛሬው ዋጋ እኮ እዚህ ተጽፏል።» ድሬዳዋ ነንና አንቱታ የሚባል ነገር አልፈጠረብንም፤ ጡረተኛም ብትሆን አንተ ነህ። መነጽሬን አድርጌ አየሁት። እውነትም ሙክቱ፣ ሴቷ፣ ግልገሉ በየረድፉ ተቀምጧል። ሳቄ አመለጠኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ማዕከላዊ ባንክ ውስጥ ዋጋ ሳሳድድ የኖርኩ ሰው፣ የተጻፈ ዋጋ አይቼ መሳቄ ገረማት።

«አዴር ዑመር ትዝ አለኝ» አልኳት። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ እኛ ደግሞ የሰው አጎት የራሳችን ማድረግ እንወዳለን።

ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። የፋይናንስ ዶክትሬቴን የምማረው አዲስ አበባ ቢሆንም፣ ጥናቴ የዋጋ ወሬ ከገበያ ገበያ እንዴት እንደሚሄድ ስለነበር ወደ ተወለድኩበት ድሬ ተመልሼ ዓመቱን በከብት ገበያ አሳለፍኩት። በሰኔ ጽሑፌን ካስረከብኩ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የመምህርነት ቦታ ይጠብቀኛል። አባቴ፣ ዕድሜውን ባቡር ሲጠግን የኖረ ሰው፣ ቦታውን እንደተሰጠኝ ቆጥሮ ለሰፈሩ አውርቶ ጨርሷል። ለድግሱ የሚጠሩትን ሳይቀር በጣቱ ይቆጥር ነበር።

ጠዋት ፉሌን በልቼ፣ ፀሐይዋ ሳትከር በጋሪ እሄዳለሁ። የድሬ ፀሐይ ቀልድ አታውቅም፤ አራት ሰዓት ካለፈ አናት ላይ ነው የምትቀመጠው። አንዲት ግራር ሥር እቀመጥና ፍየል ወይም ግመል በተሸጠ ቁጥር ሮጬ «ስንት ሄደ?» እላለሁ። ይነግሩኛል። እጽፋለሁ። አቤት አጻጻፍ! በቀይ የተሰመረ፣ በየቀኑ የተለየ፣ ለዓይን የሚያሳሳ ደብተር ነበር።

አዴር ዑመር የገበያው ደላላ ነበር። ቀጭን፣ ጢሙን በሂና ያቀላ፣ ከትከሻው ፎጣ የማይለየው ሰው። ለምን እንደወደደኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቀትር ላይ ገበያው ሲበተን መጋላ ሰፈር ያለው ቤቱ ይወስደኝና ሩዝ በፍየል ሥጋ፣ ከጎኑ ሙዝ፣ በሄል የፈላ ሻይ ያቀርብልኛል። ከደጋ የመጣችው እናቴ ይህን ስነግራት «ሙዝ ከሥጋ ጋር? ወይ ጉድ!» ትልና በማግስቱ ደግሞ ምን እንደበላሁ ትጠይቀኛለች።

ግንቦት ላይ፣ ሥራዬ ሊያልቅ ሲል፣ አዴር ዑመር እየበላን «ወሪያ» ብሎ ጠራኝ። «ዓመቱን ሙሉ የምትጽፈው ምንድነው? እስቲ አንብብልኝ።» ደረቴን ነፍቼ አነበብኩለት። የመጀመሪያውን ገጽ እየጎረሰ ሰማ። ሁለተኛው ላይ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሦስተኛው ላይ ሩዙ ትን አለው።

«አቦ፣ ይሄ እኮ ዋጋ አይደለም! ሰው ሲጠየቅ የሚለው ነው።»

«ታዲያ ዋጋው የቱ ነው?»

ፎጣውን ከትከሻው አወረደና እጄን ይዞ ሸፈነው። አንድ ጣቴን ሲይዝ አንድ መቶ፣ ሁለት ሲይዝ ሁለት መቶ፤ ጣቴን መሀሉ ላይ ጫን ሲያደርግ ግማሽ። ሙሉ እጅ መጨበጥ ደግሞ ተስማማሁ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ኋላ የለም። «ዋጋው እዚህ ነው» አለኝ። «ከዚህ ወጥቶ አያውቅም።»

የድሬ ልጅ ነኝ፤ ደላሎች በፎጣ ሥር እንደሚደራደሩ አላውቅም ብዬ አልዋሽም። ያላወቅሁት፣ ሲጨርሱ ለጠያቂ እውነቱን እንደማይናገሩ ነው። ሻጩ በርካሽ ሸጠ እንዳይባል ከፍ ያደርጋል። ገዢው የሰው ዓይን ፈርቶ ዝቅ ያደርጋል። ደላላው ማናቸውንም ላለማሳፈር መሀሉን ቆርጦ ይናገራል። ዓመቱን ሙሉ የዋሹኝ በክፋት አልነበረም፤ በጨዋነት ነበር።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ሰው መሀል ጮኸህ ትጠይቃለህ፤ ወላሂ ምን ልበልህ?»

ለሳምንት ደብተሩን ስገልጥና ስከድን ሰነበትኩ። ደብተሩን እንዳለ ባስረክብ ማን ያውቃል? ፕሮፌሰሬ ፎጣ ሥር አይገቡ! ቦታውም እዚያ አለ፤ አባቴም እዚህ አለ። በመጨረሻ ግን አላስችል ብሎኝ አዲስ አበባ ወጥቼ ለፕሮፌሰሬ እውነቱን ዘረገፍኩት። «እንደገና ሰብስብ» አሉኝ። የመምህርነቱ ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ። አባቴ ሁለት ሳምንት ዘጋኝ፤ አፉን ሲከፍትም «አንድ ደላላ ሳቀ ብለህ!» ነበር ያለኝ።

ሁለተኛውን ዓመት በፎጣ ሥር ኖርኩ። ሽያጭ ባለቀ ቁጥር አዴር ዑመር ሰላም የሚለኝ መስሎ እጄን ይይዝና እውነቱን በጣቱ ይነግረኛል። እንድለምድ ብሎ አንድ ቀን ራሴ ፍየል እንድገዛ አደረገኝ። ተጨንቄ፣ ሻጩ ገና የመጀመሪያውን ሲጠራ ሙሉ እጁን ጨበጥኩት! ገበያው ሁሉ ሳቀ። «እጅህ ይቸኩላል» አለኝ አዴር ዑመር። እናቴ ፍየሏን ዞራ ዞራ አይታ «በዚህ ዋጋ ጥጃ አይገኝም ነበር?» ብላ ወደ ማጀት ገባች።

ጽሑፌን ያቀረብኩ ዕለት ከፈታኞቹ አንዷ ከማዕከላዊ ባንክ የጥናት ክፍል የመጡ ሴት ነበሩ። ሌላው ሁሉ ስለ ሁለተኛው ዓመት ሲጠይቀኝ እሳቸው «የመጀመሪያውን ደብተር ጣልከው?» አሉ።

«ቤት አለ።»

«ሰኞ ከሁለተኛው ጋር ይዘኸው ቢሮዬ ና። ሰው በሚለውና በሚከፍለው መሀል ስንት እንዳለ የሚያሳየን አጥተን ነው የተቀመጥነው።»

እንዲህ ነው ባንክ የገባሁት፤ ባፈርኩበት ደብተር። አስተማሪ ብሆን ኖሮ ምናልባት ጥሩ አስተማሪ እሆን ነበር፤ ግን የባንኩን ሥራ እንደወደድኩት ማስተማሩን እወደው ነበር ብዬ አላስብም። በየስብሰባው ቁጥር ሲነበብ «ይህን ማን፣ ለማን ነው የተናገረው?» ማለት አመሌ ሆኖ ቀረ። አንዳንዶቹን አሰልችቼ ሊሆን ይችላል።

ሄለንን ከነስልኳ ትቼ ባጃጅ ያዝኩ፤ ግን ወደ ገበያው ሳይሆን ወደ መጋላ። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ «ነገ እጠይቀዋለሁ» እያልኩ ሳልሄድ ቀርቼ ነበር፤ ያሳፍራል። አዴር ዑመር ዓይኑ ጠፍቷል። የሂናው ጢም ነጭ ሆኗል። «ማነው?» ሲል መልስ ሳልሰጥ እጄን ሰጠሁት። ፎጣውን ጎትቶ ሸፈነና ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳበሰ።

«የባቡሩ ልጅ!» አለ።

ሻይ መጣ። ብዙ አወራን። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀመጠና «አባትህ፣ አላህ ይማረው፣ ያኔ እዚህ ድረስ መጥቶ ‹ልጄን ሥራ አሳጣኸው› ብሎኝ ነበር» አለኝ። ይህን ሰምቼ አላውቅም። «ያን ቀን ሩዜን ዝም ብዬ ብበላ ኖሮ እላለሁ፣ እስከ ዛሬ። ጎድቼሃለሁ?»

ስለ ባንኩ፣ ስለ ደብተሩ፣ ስለ ኑሮዬ ሁሉ ልነግረው አሰብኩ። ግን ጮክ ተብሎ የተነገረ ነገር የሚያምን ሰው አይደለም። በፎጣው ሥር ሙሉ እጁን ጨበጥኩት፤ በከፈልኩት ዋጋ ተስማምቻለሁ።

ትከሻው እንደዚያ ቀን ተንቀጠቀጠ። «ዛሬም ትቸኩላለህ» አለኝ፤ እጄን ግን አልለቀቀም።