የኮሪያው የጥላ ክስ በጂንካ ቪዲዮ ቤት

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጡኝ መሣሪያዎች አንድ ማይክሮፎንና አንድ ረጅም ቀርከሃ ነበሩ። ማይክሮፎኑ መናገሪያ ነው፤ ቀርከሃው ደግሞ ቴሌቪዥኑ ላይ ማን ማን እንደሆነ ማሳያ። ጋሽ ከድር ከጨርቅ ሱቃቸው ጀርባ በነበረው የቆርቆሮ አዳራሽ ቪዲዮ ቤት የከፈቱት መንግሥት ከተለወጠ ብዙም ሳይቆይ ነው፤ ጂንካ ውስጥ ያኔ ቴሌቪዥን ያለው ሰው በስሙ ይታወቅ ነበር።

«እንግሊዝኛ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«ዘጠነኛ ክፍል ደርሻለሁ፣ ጋሼ።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም። ሰውየው ሲጮህ ለምን እንደሚጮህ ታውቂያለሽ ወይ?»

«ፊቱን አይቼ አውቃለሁ።»

«በቃ፣ ማይኩን ያዢ።»

ከጂንካ ወዲያ ከአሪ ደጋ የመጣሁ የገዘር ልጅ ነኝ፤ አፌን የፈታሁት በአሪኛ ነው። አማርኛዬ ያኔ ወንዱን ከሴቷ ይቀላቅል ነበር። የዚያን ቀን የታየው የድብድብ ፊልም ነው። ዋናው ተዋናይ ወንበር አንስቶ ሰው ላይ ሲሰብር በማይክሮፎን «በጣም ተናደደች» አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ከድር ከበሩ ላይ ሆነው «ተናደደ በይ፣ በላይነሽ! ጢም አለው እኮ!» ብለው ጮኹ።

ሥራው የራሱ ማዕረግ ነበረው። ከላይ ባለቤቱ አለ፤ ከሱ ቀጥሎ ዴኩን፣ ማለትም የካሴት ማጫወቻውን፣ የሚያንቀሳቅሰው ኦፕሬተር፣ ከዚያ ተርጓሚዋ፣ ከዚያ በር ጠባቂው። ምስሉ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ካሴቱ ይወጣል፤ ኦፕሬተሩ ካሴቱን የሚያነበውን የዴኩን ሄድ በጥጥና በአልኮል ያብሳል፤ ተርጓሚዋ ሰው እንዳይነሳ ወሬ ትይዛለች። መብራት ሲጠፋም እንደዚሁ፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ማውራት ነው። ለራሴ ያወጣሁት ደንብ ግን አንድ ነበር፦ ፊልም ውስጥ የሌለ ነገር አልጨምርም። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የመጣው የእኔን ፈጠራ ሊሰማ አይደለም።

ካሴት ሄዶ ሲዲ መጣ፤ ሲዲ ሄዶ ፍላሽ መጣ። በመጨረሻም ስልክ መጣና ሰዉ ፊልሙን ኪሱ ውስጥ ይዞ መዞር ጀመረ። አግዳሚ ወንበሮቻችን ባዶ ሆኑ። ጋሽ ከድር ፕሮጀክተር ገዝተው ነጭ አቡጀዲ ግድግዳው ላይ ወጠሩ፤ ሰው ግን አልተመለሰም። አንድ ቀን አስጠሩኝና «አንድ ነገር ካልተገኘ አዳራሹን ለፍራሽ መጋዘን ላከራየው ነው» አሉኝ። ከዚህ ሌላ በእጄ ሙያ አልነበረም። የዚያን ቀን ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ያ «አንድ ነገር» ከአርባ ምንጭ በፍላሽ ተቀድቶ መጣ። ጋሽ ከድር የኮሪያ ፊልም ስጡኝ ብለው አስመጥተው፣ ሰይፍና ዝላይ እየጠበቁ ነበር። የቅዳሜ ገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ አስነገሩ፤ አዳራሹም ሞላ። ፊልሙ ተከፈተ። አንድ ወጣት ጠበቃ ቢሮ ገባ። ኮቱን ሰቀለ። ውኃ ቀዳ። ጠጣ። ብርጭቆውን አስቀመጠና በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመረ።

እኔም ማይኩን ይዤ ቆምኩ። የሚተረጎም ነገር የለም።

«ተርጉሚ እንጂ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ምን ልተርጉም? ዝም ብሏል።»

«ዝምታውን ተርጉሚ!»

«እያሰበ ነው» አልኩ።

«ምን እያሰበ?»

«አልነገረኝም።»

ለካ ብዙ ክፍል ያለው ድራማ ኖሯል፤ ታሪኩ ከሥሩ ከሚወጣው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በኋላ ሲገባኝ ይህ ነበር፦ አንዲት አሮጊት በግቢያቸው በርበሬ እያሰጡ ይኖራሉ። ከጎናቸው ፎቅ ተሠራ። የፎቁ ጥላ ግቢያቸው ላይ ወደቀ፣ በርበሬው ሻገተ፣ አሮጊቷም የፎቁን ባለቤት ከሰሱ። ወጣቱ ጠበቃ ደግሞ በየክፍሉ ሜትር ይዞ ጥላ ይለካል። ጥላው ይንቀሳቀሳል፤ እሱም ይከተለዋል። ድብድብ የሚባል ነገር የለም።

እረፍት ላይ ጋሽ ከድር ጎትተው አወጡኝ። «እባክሽ አንድ ጥፊ ጨምሪበት!»

«ጥፊ የለም፣ ጋሼ።»

«አንቺ ‹ሊመታው ነው› በይ። ባይመታው የሱ ጉዳይ ነው!»

«አልልም።»

በማግስቱ ፍላሹን ነቅለው የድሮ የድብድብ ፊልም ከፈቱ። ገና የመጀመሪያው ሰው ሳይወድቅ ከወንዶቹ መካከል አንድ ድምፅ ተነሳ። «ሴትዮስ? ይሄ በርበሬ ሴትዮ የት ገባ?»

የተናገሩት ኦይታ ናቸው፣ ከወይጦ በኩል ፍየል ይዘው ገበያ የሚመጡ ሽማግሌ። ራስ ማስደገፊያም መቀመጫም የምትሆነውን በርኮታቸውን ይዘው ይገባሉ፤ «ወንበሬን ራሴ ይዤ መጥቼ ለምን እንደ ሌላ ሰው እከፍላለሁ?» እያሉ ከበር ጠባቂው ጋር ሳይከራከሩ ገብተው አያውቁም። አማርኛቸው እንደ ድሮው የኔ አማርኛ ነው። ሌሎቹም «አዎ፣ አሮጊቷስ?» አሉ። ጋሽ ከድር እያጉረመረሙ ፍላሹን መልሰው ሰኩት።

ከዚያ በኋላ አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ። ኦይታና ከቆላ የሚመጡት ሁሉ በአሮጊቷ ላይ ተነሱ። «ጥላ ሰጠው! በነጻ! ይሄ ሴትዮ ጥላ አገኘና ከሰሰ?» ይላሉ ኦይታ። «እኛ አገር ጥላ የሚሰጥ ሰው ፍየል ይታረድለታል!»

በሌላው ወገን ወይዘሮ አስካለ ነበሩ፣ ገዘር ላይ በርበሬ የሚነግዱ ሴት። «አንተ ሰውዬ፣ ደጋ ላይ በርበሬ አስጥተህ ታውቃለህ? ፀሐይ አንድ ቀን ከድታህ ስትሄድ አይተሃል?» ይላሉ። «ይህ ፎቅ አይደለም፣ ሌባ ነው!»

የመንግሥት ሠራተኞቹ ጥላውን ትተው ቢሮውን ያያሉ። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ወረቀት ሳይነክስ ሲያወጣ አንዷ የፋይናንስ ሠራተኛ አጨበጨበች። አለቃው ጠዋት ከሠራተኞቹ ቀድሞ ሲገባ ደግሞ «ይህ ውሸት ነው!» የሚል ጩኸት ተነሳ።

«ሰውዬው ስልጠና አይሄድም እንዴ?»

«ጥላ ሊለካ ፊልድ ሲወጣ አበል አልሞላም፤ አይታችኋል?»

«እሱማ ድራማ ነው፤ ምን ታደርገዋለህ።»

ፊልሙ ባዘገመ ቁጥር ሰዉ ይጮሃል፣ በጮኸ ቁጥር ደግሞ በማግስቱ ዘመዱን ይዞ ይመጣል። ዳኛ ወርቅነህም የመጡት እንዲህ ነው። ከጎጃም ተመድበው የመጡ ኮስታራ ሰው ናቸው። አከራያቸው ስለ ክሱ ማታ ማታ ሲጠይቋቸው ሰለቻቸውና ሊያዩ መጡ። ከኋላ ተቀመጡ። ጠበቃው ምስክሩን መጠየቅ ሲጀምር ግን አልቻሉም። «ይህ መሪ ጥያቄ ነው! ለራስህ ምስክር መሪ ጥያቄ አይጠየቅም!» ብለው ጮኹ። አዳራሹ ዞሮ አያቸው። እሳቸውም ክራቫታቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ቀርተው አያውቁም።

የፍርዱ ቀን ቆመው የሚያዩ ሁሉ ነበሩ። በአቡጀዲው ላይ የኮሪያው ዳኛ መነጽራቸውን አደረጉ። መዝገቡን ገለጡ። አፋቸውን ከፈቱ። በዚያው ቀሩ። ምስሉ ደርቆ ቆመ፤ ፍላሹ ላይ የተቀዳው ሙሉ አልነበረም።

ጋሽ ከድር ፍላሹን ነቀሉ፣ ተፉበት፣ በሸሚዛቸው አበሱ፣ መልሰው ሰኩ። ዳኛው ተመልሰው መጥተው እንደገና አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

«ጥርሱን አመመው?» አሉ ኦይታ።

ሳቁ ብዙም አልቆየም። «ፍርዱን ስጡን! ካልሆነ ገንዘባችንን መልሱ!» ተባለ። አንድ አግዳሚ ወንበር ተገለበጠ። የግድግዳው ቆርቆሮ በቡጢ መደለቅ ሲጀምር ጋሽ ከድር ላብ አጠመቃቸው። የዚያን ሁሉ ሰው ገንዘብ ከመለሱ ቤቱ አያድርም ነበር። ሰዉን እየገፉ ዳኛ ወርቅነህ ፊት ደረሱ።

«ጌታዬ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ እርስዎ ይፍረዱ!»

«እኔ? ጉዳዩ እኮ ኮሪያ ነው። የግዛት ሥልጣን የለኝም!»

«የልጆች አባት ነኝ፣ ክቡር ዳኛ!»

«ይፍረዱ! ይፍረዱ!» አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ።

ዳኛ ወርቅነህ ተነሱ። ወደ ፊት ሄደው፣ አፋቸውን በከፈቱት ባልደረባቸው ሥር ቆሙና ወደ እኔ ዞሩ። «ከመጀመሪያው ጀምሮ ቃል በቃል የሰማሽው አንቺ ነሽ። የጨመርሽው ነገር አለ?»

«የለም፣ ክቡር ዳኛ። ጨምሪ ተብዬም አልጨመርኩም።»

ጋሽ ከድር ጣሪያውን አዩ።

«በርበሬው መሻገቱን አይተሻል?»

«ሁላችንም አይተናል።»

«ከጥላው በፊት ግቢው ፀሐይ እንደነበረው የሚያስረዳ አለ?»

«አሮጊቷ ፎቶ አሳይተዋል፤ ባላቸው በሕይወት እያሉ የተነሱት።»

ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን አጥብቀው ስለ አሮጊቷ ተከራከሩ። ኦይታ በርኮታቸውን እንደያዙ ቆመው ስለ ፎቁ ተከራከሩ፤ አማርኛው ሲያጥራቸው በአገራቸው ቋንቋ፣ በቤንኛ ቀጠሉ፣ እኔም የማውቀውን ያህል ተረጎምኩ። ሕይወቴን ሙሉ ከተረጎምኩት ሁሉ የኦይታን ንግግር ያህል የተጨበጨበለት የለም። በመጨረሻ ዳኛ ወርቅነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ፍርድ ቤቱ የጥላውን መጠን በቦታው ተገኝቶ ማየት አስፈላጊ ሆኖ አግኝቶታል» አሉ።

«ኮሪያ ድረስ?» አለ አንዱ።

«አበሉን ማን ይከፍላል?» አለች የፋይናንስ ሠራተኛዋ።

«እስከዚያው ድረስ» አሉ ዳኛ ወርቅነህ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «መዝገቡ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተቀጥሯል!»

ሰዉ ሁሉ ከመቀመጫው ተነሳ። እኔ ወንበር ሊወረወር ነው ብዬ ከፕሮጀክተሩ ፊት ቆምኩ። እነሱ ግን እየሳቁ፣ እየተቃቀፉ ወጡ። «ይሄ ነው እንጂ ፍርድ ቤት!» ይባባሉ ነበር። ቀጠሮ የተሰጠው ሰው ገንዘቤን መልሱ አይልም፤ ያገራችን ሰው ቀጠሮ ያውቃል።

በሳምንቱ ከአርባ ምንጭ የሚመላለስ ሹፌር የመጨረሻውን ክፍል በሙሉ ይዞልን መጣ። አሮጊቷ ተረቱ። ፎቁ በሕግ ፈቃድ የተሠራ ነው ተባለ። ከዚያ ወጣቱ ጠበቃ ግቢያቸው ሄዶ ጥላው ውስጥ አብሯቸው ተቀመጠና ከበርበሬው መልካሙን ከተበላሸው ይለይላቸው ጀመር። ረጅም ጊዜ ለዩ። እዚያ ላይ አለቀ።

ኦይታ አሸንፈዋል። ግን ደስ አላላቸውም። ወይዘሮ አስካለ ጋ ሄደው «ጃላ፣ እኔ እንዲህ ይረታል አላልኩም» አሏቸው። ጃላ በሳቸው ቋንቋ ወዳጄ ማለት ነው። ወይዘሮ አስካለ ዓይናቸውን ጠርገው፣ ጣታቸውን ወደ ጋሽ ከድር ቀስረው «ይግባኝ!» አሉ።

አዳራሹም «ይግባኝ!» አለ። ጋሽ ከድር ራሳቸው በአውቶቡስ አርባ ምንጭ ወረዱና ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ «የጥላው ይግባኝ አለ ወይ?» ብለው ጠየቁ። የፊልም ሻጮቹ ፀሐይ የመታቸው ሰው መስሏቸው ውኃ አጠጧቸው። ይግባኙ አልተገኘም፤ ለካ ተከታይ ክፍልም አልተሠራለትም።

ቪዲዮ ቤቱ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ዓመታት በሌሎች ዘገምተኛ ድራማዎች ኖረ። ጋሽ ከድር ሲያረጁ ራሳቸው ዘጉት። አሁን እዚያ የፀጉር ቤት አለ። እኔ ጡረታ የለኝም፤ ለጎብኚዎች ከአሪኛ ወደ አማርኛ፣ ካስፈለገም ወደ ዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ እተረጉማለሁ።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፊልሙ ተንቀራፈፈ ብሎ የሚጮህ ተመልካች አያስፈራችሁ፤ እሱ አሁንም ወንበሩ ላይ ነው። የሚያስፈራው ሳይናገር የሚወጣው ነው።