ቡናማው ከላይ፣ ጥቁሩ ከታች

አውሮራ ከተማ፣ ቻምበርስ ሮድ ካለው ቤቴ የወጣሁት ማክሰኞ ንጋት ላይ ነው። ዳውንታውን ዴንቨር ባለ ላብራቶሪ ሰባት ዓመት የባሕር ጭቃ መርምሬአለሁ፤ ባሕር ግን አይቼ አላውቅም። ቴክሳስ ጠረፍ ካለች አንዲት ትንሽ ወደብ የሚላክልን ጭቃ አንዴ ንጹሕ፣ አንዴ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት የበዛበት እየሆነ አስቸገረን። የወደቡ ሰዎች ለመርከብ መተላለፊያ የባሕሩን ወለል ሊቆፍሩ የእኛን ውጤት ይጠብቃሉ። አለቃዬ፣ «ሄደሽ አወሳሰዱን እዪ» አለችኝ።

ኤርፖርት ያደረሱኝ ጎረቤቴ ጋሽ ተፈራ ናቸው።

«ለጭቃ ብለሽ ነው ፍላይት የያዝሽው?» አሉኝ።

«ጭቃ ብዙ ይናገራል፣ ጋሽ ተፈራ።»

«እንግዲያውስ ደህና አድርገሽ ስሚው» ብለው ሻንጣዬን አወረዱልኝ።

ከአውሮፕላን ወርጄ በኪራይ መኪና ሁለት ሰዓት ነዳሁ። መንገዱ ሜዳ ብቻ ነው፤ ሙቀቱ ሸሚዜን ጀርባዬ ላይ ለጠፈው። መንገድ ዳር ሽሪምፕ የሚባል የባሕር ምግብ ተጠብሶ በሩዝ በላሁና ባሕሩን ከማየቴ በፊት ሸተተኝ።

ረቡዕ፣ ጀልባ ላይ

ጀልባው የሬይ ነው፤ ኦይስተር የሚባለውን ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ እየለቀሙ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። ናሙና ሰብሳቢው ዳን መንጋጋ ያለው የብረት ማፈሻ ወደ ውኃው ጣለ፤ ያወጣውን ጭቃ ሳፋ ውስጥ አማስሎ ብልቃጥ ሞላ።

«ላዩንና ታቹን ለምን ታደባልቀዋለህ?» አልኩት።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምናደርገው።»

ችግሩ ያኔ ገባኝ። ጭቃ በየዓመቱ ይደራረባል፤ የታቹ የድሮ፣ የላዩ የቅርብ ነው። ማፈሻው ደግሞ አንዴ ጠልቆ፣ አንዴ ላይ ላዩን ይዝቃል።

«ዛሬ በቱቦ እንወስዳለን» አልኩ።

«ዝናብ እየመጣ ነው እኮ!»

«ከዘነበ ነገ እንመለሳለን። እኔ ግን በዚህ ብልቃጥ ላይ አልፈርምም።»

ዳን አጉረመረመ፤ ቱቦውን ግን አመጣ። ወለሉ ውስጥ ሰክተን ስናወጣው ከላይ ቡናማ፣ ከታች ጥቁር ጭቃ ነበረው፤ ድንበሩ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ሬይ ትክ ብለው አዩት።

«አባቴ ልጅ ሳለ እዚህ ዳር ጀልባ የሚቀባበት ግቢ ነበር» አሉ። የድሮ የጀልባ ቀለም እርሳስ እንደነበረበት አውቃለሁ። ሬይ ቀጥለው፣ «እኔ የምለቅመውን የልጅ ልጆቼ ይበላሉ። እውነቱን ንገሪኝ።»

«ሳልለካ አልናገርም። ከለካሁ በኋላ ግን ምንም አልደብቅዎትም።»

አውሮራ

ቱቦዎቹን በበረዶ አሽጌ ዓርብ ማታ ቤቴ ገባሁ። በሳምንቱ ውጤቱ ወጣ፤ እርሳሱ በሙሉ ጥቁሩ ውስጥ ነው፣ ቡናማው ንጹሕ ነው። ቁፋሮው ጥቁሩን የሸፈነውን ያንን ንጹሕ ክዳን ገፍፎ እርሳሱን ወደ ውኃው ሊለቀው ነበር። «እዚህ አትቆፍሩ፤ ኦይስተሩም ለብቻው ይመርመር» ብዬ ጻፍኩ። የቁፋሮውን መስመር ወደ ሌላ በኩል አዞሩት፤ ኦይስተሩም ተመርምሮ ደህና ሆኖ ተገኘ። ውጤቱን ለሬይም ልኬላቸው ነበር፤ ደውለው «እግዚአብሔር ይስጥሽ» አሉኝ።

ሰባት ዓመት ሙሉ የደረሰኝን በትክክል ለክቻለሁ፤ እንዴት እንደመጣ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩም። አሁን አለቃዬ የናሙና አወሳሰድ መመሪያ እንድጽፍ አዝዛኛለች። የመጀመሪያው መስመር ተጽፏል፦ «ከማማሰላችሁ በፊት ተመልከቱ።»