ቀንበር የሌለው ስሌት

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜ የከብት በሽታ በአንድ ቀበሌ ውስጥ እንዴት እንደሚዛመት በሒሳብ እንድናሳይ ታዘዝን። መምህራችን ሦስት ሳጥን ሣሉልን፦ ያልተያዘ፣ የታመመ፣ ያገገመ። "እያንዳንዱ ከብት ከሌላው ሁሉ ጋር እኩል ይገናኛል ብላችሁ ተነሡ" አሉን። በጥንቃቄ ጻፍኩት፤ ከሥሩም በቀይ አሰመርኩበት። ላስታ ተወልጄ አድጌ ይህን ሳልስቅ መጻፌ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ለእረፍት ቤት ስመጣ የእርሻ ወቅት ነበር። እኛ አንድ በሬ አለን፣ ጎረቤታችንም አንድ፤ ሁለቱን አቀናጅተን ተራ በተራ እናርሳለን። ጎረቤታችን ከሙጃ ገበያ ጊደር ገዝቶ በመጣ በሳምንቱ የእሱ በሬ ለሃጩን ማዝረብረብ ጀመረ።

አባቴ ወደ እኔ መጡ። "ልጄ፣ እስቲ አስዪው። ነገ ልጥመድ ወይስ ይቅር?"

ደስ ላሰኛቸው ቸኮልኩ። አንዱን የታመመ በሬ ለቀበሌው ከብት ሁሉ አካፈልኩት፤ ለእኛ የደረሰን ኢምንት ሆነ። "ይጥመዱ አባየ፣ የሚያሰጋ ነገር የለም።"

እናቴ ከበረቱ ደጃፍ ሰማችኝ። "በሬያችን ከወንዝ ማዶ ካለችው ላምም፣ ቀኑን ሙሉ አንገት ለአንገት ከሚታሰረው በሬም ጋር እኩል ነው የሚገናኘው?"

"ሒሳቡ እንዲያ ይላል፣ እማየ።"

"እንግዲያው ሒሳቡን ጥመዱት!"

"ተይ እንጂ፣ ዩኒቨርሲቲ አይሳሳትም" አሉ አባቴ። ዝናቡ ጥሎ ስለነበር መስማት የፈለጉትም ይህንኑ ነበር።

በነጋታው ጠመዱ፤ በአራተኛው ቀን የእኛም በሬ አፉ ቆስሎ መብላት አቆመ፤ ማነከስም ጀመረ። ማሳው ግማሹ ሳይታረስ ቀረ። አባቴ ጠዋት ጠዋት የበሬውን አፍ በጨው ውኃ ያጥባሉ፤ ውኃውን እኔ አቀርብላቸዋለሁ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ተመልሼ ስሌቱ ላይ ቀንበርን ጨመርኩ፦ አብረው የሚጠመዱ በሬዎች ከሌላው ይበልጥ ይገናኛሉ። መምህራችን አየት አድርገው "ግራፉን ያበላሸዋል፣ አውጪው" አሉኝ። አወጣሁት። ግራፉ አማረ፤ ለሌሎች ምሳሌ ይሁን ተብሎም ክፍል ውስጥ ተለጠፈ። መጨረሻው ላይ ከብቱ ሁሉ "ያገገመ" የሚለው ሳጥን ውስጥ ገብቶ ያርፋል።

በዚያው ሳምንት ለአባቴ ደወልኩ።

"በሬው እንዴት ሆነ?"

"ቆሟል፤ ይበላልም።"

"በእኛ ሒሳብ አገገመ ማለት ነው።"

"ተመስገን። ግን ቀንበር ገና ሳሳርፍበት ይተኛል። የቀረውን ማሳ ማን እንደሚያርስልኝ እስቲ ሒሳቡን ጠይቂልኝ።"