የዓርብ ኬሳዲያ

እኔ ስናደድ ሽንኩርት እከትፋለሁ፤ ስፈራ ደግሞ ካሮት። ካሮት ለፍርሃት ጥሩ ነው። ጠንካራ ስለሆነ ቢላው ላይ ሐሳብሽን ሰብስበሽ ካልያዝሽ ጣትሽን ይዞት ይሄዳል። አማቴ ከድሬዳዋ የመጡ ሳምንት ያን ሁሉ ካሮት እንደ ክብሪት እንጨት አቅጥኜ የከተፍኩት ስለፈራሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከባለቤቴ ጋር የተጋባነው እዚሁ ጅቡቲ ነው። እሱ ወደብ ላይ በትራንዚት ሥራ ይሠራል፣ እኔ ሀራሙስ ሰፈር አንድ የፈረንጆች ቪላ ውስጥ አበስላለሁ። ድግስ የለ፣ ሚዜ የለ፤ ጥቂት ወዳጆቻችንን ሰብስበን ዓሣ በላንና ተጋባን። አማቴ የሰሙት በስልክ ነው። አስቡት እንግዲህ፣ ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ነው! ታላቅ እህቱ ደግሞ በበኩሏ «የፈረንጅ ቤት አብሳይ ናት፣ ጾም የት ታውቃለች» እያለች ለዘመድ አዝማዱ አዳረሰችው። ወሬው ዞሮ ዞሮ እኔው ጆሮ ገባ። ጾሜን የምጾም ሰው ነኝ እኮ! ከሁሉም ያንገበገበኝ እሱ ነው።

ስለዚህ ጥምቀት ካለፈ በኋላ አማቴ በባቡር መጥተው ናጋድ ጣቢያ ሲወርዱ ልጃቸው ናፍቋቸው ብቻ እንዳልመጡ ገብቶኛል። እኔን ሊያዩ ነው። ተመልሰው የሚናገሩት አንድ ቃል ወይ በዚያ ቤት ሰው ያደርገኛል፣ ወይ ዕድሜ ልኬን ባዳ አድርጎ ያስቀረኛል።

ክፉ ሴት አይደሉም፤ ክፉ ቃልም ከአፋቸው አልወጣም። ግን ቁጥብ ናቸው። ውሃ ስሰጣቸው «እግዜር ይስጥሽ»፣ ምሳ ሳቀርብላቸው «እግዜር ይስጥሽ»፣ በቃ። ሆቴል ያረፉ ነው የሚመስሉት። ረቡዕ የምስር ወጥ በዘይት ሠራሁ፣ ሰላጣ አደረግሁ፤ በሉ፣ አመሰገኑ፣ ተነሡ። ባለቤቴን ማታ «ምን አሉህ?» ስለው «ምን ይሉኛል?» አለኝ። ወንድ መቼም እንዲህ ነው፣ ቤቱ በእሳት ቢያያዝ ጭሱን የጎረቤት ነው ይላል።

ረቡዕ ጾሙን የምረሳበት ቀን አይደለም። ረቡዕ እዚህም ረቡዕ ነው፤ ሥራ ነው፣ ሙቀት ነው፣ ሚኒባስ ላይ መጋፋት ነው። ዓርብ ግን ሌላ ነው። እዚህ አገር ዕረፍቱ ዓርብ ነው። ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ባለቤቴ አርፍዶ ይነሣና ሽርጡን እንዳገለደመ ይውላል። እሑድ ጠዋት ደግሞ ሁላችንም ሥራ እንገባለን። እዚህ ጥቂት ዓመት የኖረ ሰው ዓርብ ሲመጣ ሰውነቱ ራሱ እሑድ ነው ይለዋል። ሁልጊዜ ሐሙስ ማታ «ነገ ጾም ነው» ብለን ተነጋግረን ነው የምንተኛው። በዚያ ሳምንት ግን ጭንቅላቴን የአማቴ ነገር ይዞት ቀኑን ማን ይቁጠር! የማውቀው ነገ ዕረፍት መሆኑንና ጉድ የሚያሰኝ ምሳ እንደምሠራ ብቻ ነበር።

ጉድ የሚያሰኘው ምሳ ኬሳዲያ ነው። የተማርኩት ከማዳሜ ነው። ስስ የስንዴ ቂጣ ላይ ፎርማጆ፣ ያው የፈረንጆቹ አይብ፣ ይደረጋል፣ አትክልት ይጨመራል፣ ለሁለት ይታጠፍና መጥበሻ ላይ ግራና ቀኙ ይጠበሳል። የማዳም ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ የሕመምተኛ ምግብ ነው። አትክልቱን ቀቅላ ነው የምትከተው። እኔ በዘይት ነው የምጠብሰው። ካሮቱን፣ ጥቅል ጎመኑን፣ ድንቹን፣ ቃሪያውን አቅጥኜ እቆርጥና ጨው ነስንሼ እተወዋለሁ። ውሃውን ሲያወጣ በንጹሕ ጨርቅ ጭምቅ! ጭምቅ ስል የምሬን ነው። የዚህ ከተማ አየር ራሱ እርጥብ ስለሆነ በደንብ ያልተጨመቀ አትክልት ገና ሳህን ላይ ሳይደርስ ይልፈሰፈሳል። ከዚያ የበቆሎ ዱቄትና ትንሽ በርበሬ አልብሼ፣ በደንብ በጋለ ዘይት ውስጥ ጥቂት ጥቂቱን እጠብሳለሁ። ካበዙት ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ሲወጣ ኩርሽም ኩርሽም ማለት አለበት፤ አለዚያ ምን ዋጋ አለው?

ጠዋት አማቴ ወንበር ስበው ኩሽናው በር ላይ ተቀመጡ። ከቡላኦስ ገበያ ያመጣሁትን አትክልት ሁሉ አንድ በአንድ አዩት።

«በቅቤ ነው የምትጠብሺው?» አሉ።

«አይ እማማ፣ ይሄ በዘይት ነው።»

ፊታቸው ፈታ አለ። ቢላ አነሡና ቃሪያ ይፈለፍሉልኝ ጀመር። ባለቤቴ ልጅ እያለ ከጎረቤት ዛፍ ላይ የዘይቱን ፍሬ ሲሰርቅ ሱሪው ቅርንጫፍ ላይ ተይዞ ተንጠልጥሎ እንደቀረ አጫወቱኝ። እሳቸው ይስቃሉ፣ እኔ እስቃለሁ፣ ደስታዬን ምን ልንገራችሁ! «ቁርስ ላቅርብልዎት?» ስላቸው «ኧረ አሁን አልቀምስም፣ ልቆይ» አሉ። ይሄኔ እንኳን አልነቃሁም። ይሉኝታ ነው ብዬ አለፍኩት። ለካስ እሳቸው የጾም ምሳ እየሠራሁላቸው መስሏቸው ነው ልባቸው የራራው። ፎርማጆውን የፈቀፈቅሁት ዳዊታቸውን ለመድገም ወደ ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው፣ አላዩም።

ዓርብ ምሳችን ሁሌም ወደ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚገፋ የሰዓቱም ነገር አልተነሣም። ኬሳዲያዬን ቆራርጬ በትልቁ ሳህን አቀረብኩ። አማቴ ጸለዩ፣ አማተቡ፣ አንዱን ቁራጭ ያዙ። ከጎኑ ካለው ሊለዩት ሳብ ሲያደርጉት ፎርማጆው ተከተላቸው። እጃቸውን ከፍ አደረጉ፣ እሱም ተሳበ። ደግመው ከፍ አደረጉ፣ አሁንም ተሳበ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ፎርማጆ ነው እማማ! የፈረንሳይ ነው፣ አንደኛ ነው!» አልኩ በኩራት።

«ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ?»

ውይ በሞትኩት! ባለቤቴ ጎርሶ ነበር። እንዳያላምጥ ጾም ሆነበት፣ እንዳይተፋ እናቱ ፊት ሆነበት፤ ጉንጩን ነፍቶ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ያያል። አማቴ ቁራጩን ቀስ ብለው ሳህኑ ላይ መለሱና ጣታቸውን ጠረጉ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ በስንት ጣዕሙ!

ተነሥቼ ኩሽና ገባሁ። ባለቤቴ ተከትሎኝ መጣ።

«አንተስ? አንተስ አፍ የለህም?» አልኩት።

«ዕረፍት ስለሆነ… እሑድ እሑድ ብሎኝ…»

«እሑድ እሑድ ይበልህ!»

ከዚያ በኋላ እንባዬ መጣ። ያቺ እህቱ እኮ ልክ ሆነች። ድሬዳዋ ላይ ቁጭ ብላ የተናገረችውን እኔው በገዛ እጄ፣ ያውም በፈረንሳይ ፎርማጆ አስጊጬ፣ ለእናቷ አቀረብኩላቸው። ስንት ዓመት የጾምኩት ሁሉ ገደል ገባ ብዬ አለቀስኩ።

አማቴ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ባለቤቴን በዓይናቸው ወደ ውጭ ሸኙትና ወደ እኔ ዞሩ።

«እማማ፣ ረሳሁት» አልኳቸው። «ጾም ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። እዚህ ዓርብ ሰዉ ሁሉ ሲያርፍ ቀኑ ይጠፋብኛል። እርስዎን ደስ ለማሰኘት ስሯሯጥ ደግሞ ጭራሽ ጠፋብኝ።»

«አንቺ ቀምሰሻል?» አሉ።

አልቀመስኩም ብል ማን ያውቅብኛል? ግን ፊታቸውን ሳየው አልቻልኩም። «ጠርዙን ትንሽ… ቀልጦ እንደሆነ ለማየት» አልኩ።

አሰብ አደረጉና «እንግዲያው ተጉመጥመጪ» አሉ።

ሳቄ አመለጠኝ። ከነእንባዬ ሳቅሁ። እሳቸውም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ባለቤቴን ተጣርተው «ና አንተም ተጉመጥመጥ!» አሉት፤ ያ ትልቅ ሰውዬ እንደ ሕፃን ሄዶ ተጉመጠመጠ።

«የጠበስሽው አትክልት አልቋል?»

አላለቀም፣ ግማሹ አለ። ቂጣውም አለ። ያለ ፎርማጆ አጥፌ መጥበሻ ላይ አደረግሁት፤ ስገለብጠው ግን ካሮቱና ድንቹ ምድጃው ላይ ተዘራ። የሚይዘው ነገር የለማ። አማቴ ከሻንጣቸው ከድሬዳዋ ያመጡትን ሽሮ አወጡ። በዘይት ሽንኩርት አቁላሉ፣ ነጭ ሽንኩርት ጨመሩ፣ ውሃውን አሳንሰው ሽሮውን ወፈር አድርገው አገነፉት። «ቀቢው» አሉኝ፣ ቂጣው ላይ ቀባሁት። አትክልቱን በተንኩበት፣ አጠፍኩ፣ እሳቸው በድስት ክዳን ጫን አድርገው ያዙት። ስንገለብጠው አንዲት ካሮት አልወጣችም!

ኩሽናው ውስጥ እንደቆምን በላነው። ውጩ ቀልቶ፣ ውስጡ ኩርሽም ኩርሽም ይላል፣ ሽሮው ደግሞ እንደ ፎርማጆ አይሳብም እንጂ አጥብቆ ይዞታል። በሕይወቴ ከበላኋቸው ኬሳዲያዎች ሁሉ ይበልጥብኛል። አማቴ ደግመው በሉ። ሲጨርሱ ግን ያው «እግዜር ይስጥሽ» ብለው እጃቸውን ታጠቡ። እኔም ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። ሳቅ ሌላ፣ ሄደው የሚናገሩት ሌላ።

በማግስቱ ቅዳሜ ሥራ የምገባው አርፍጄ ስለነበር ቁርስ ላቀርብ ተነሣሁ። አማቴ ቀድመውኝ ተነሥተዋል።

«ያ የትናንቱ የት ደረሰ? ተጣለ እንዴ?»

«ፍሪጅ ውስጥ ነው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ዛሬ ቅዳሜ አይደል!»

ደረቅ መጥበሻ ላይ አሞቅሁላቸው። ፎርማጆው እንደገና ተሳበ፣ እሳቸው በጣታቸው እየጠቀለሉ በሉት። «ይሄማ ለዓርብ ተብሎ የተሠራ ፈተና ነው!» እያሉ ይስቃሉ። ሁለተኛውን ሲይዙ ስልካቸው ጠራ። ልጃቸው ናት፣ የባለቤቴ እህት። አማቴ ስልኩን ድምፁን ከፍተው ራቅ አድርገው ነው የሚያወሩት፤ እኔ ዕቃ እያጠብኩ ሁሉንም እሰማለሁ። ስለ ባሕሩ ጠየቀች፣ ስለ ሙቀቱ ጠየቀች፣ ስለ ወንድሟ ጠየቀች።

«እሺ እሷስ?» አለች ከዚያ። «የፈረንጅ ምግብ እያበላችሽ ነው አይደል? ለመሆኑ ጾም ትጾማለች?»

ሳህኑን እንደያዝኩ ቆምኩ። አማቴ ቀና ብለው አዩኝ።

«ትጾማለች» አሏት። «ትናንት አብረን ነው የጾምነው። በይ አሁን ዝጊው፣ ምራቴ ያቀረበችልኝ ቁርስ እየቀዘቀዘብኝ ነው።»