እጅ መንሳት የማታውቅ መኪና

በጃንሆይ ዘመን፣ ጎረቤቴ እንዳላማው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጸሐፊ ነበር። ልቡ ደግ ነው፤ መታየት ግን ይወዳል። መንገድ ሲያሠራ የቆየ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣራዋ የሚታጠፍ ቀይ የውድድር መኪና ሸጠለት። እንዳላማው ጣራዋን በዝናብም አይዘረጋው፤ መጀመሪያስ የገዛት፣ ሰው እንዲያየው ነዋ።

ሰውም አየው። ችግሩ የመጣው ከዚያ ነው። የመኪናዋ ኤሌትሪክ ተበላሽቷል። ከቆመች ትጠፋለች፤ አንዴ ከጠፋች ደግሞ ሳትገፋ ወይም ቁልቁል ሳትለቀቅ አትነሳም፤ ፍሬን ሲረገጥ ደግሞ ክላክሱ በራሱ ይጮኻል። የእኛ አገር ሰው በበቅሎ እንኳ ሲሄድ ታላቅ ካየ ወርዶ እጅ ይነሳል። እንዳላማው ግን እንዳትጠፋበት እየፈራ ካህኑንም ሽማግሌውንም አቧራ አልብሶ ያልፋል። ጣራ ያላት ብትሆን ኖሮ፣ አላየንም ይሆናል ተብሎ ይታለፍለት ነበር።

ካለፋቸው አንዱ መምሬ አካለ ወልድ ናቸው፤ የጤናዬ አባት። እንዳላማው ጤናዬን ለማግባት ሽማግሌ ሲልክ፣ መምሬ ሽማግሌዎቹን አብልተው አጠጥተው፣ ለሰው ለማይወርድ ሰው ልጄን አልሰጥም ብለው መለሷቸው።

ያን ጊዜ መኪናዋ እንድትሸጥ ተቆረጠ። ደርቤ የሚባል የቁይ ከተማ እህል ነጋዴ ሊያያት መጣ። እንዳላማው ስለ ኤሌትሪኩ ትንፍሽ አላለም። አስቀድሞ ቁልቁለቱ አናት ላይ አቁሟት ነበርና፣ ደርቤን አጠገቡ አስቀምጦ ለቀቃት። ተነሳች። ደርቤ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ እንደ ልጅ ሳቀ። ይኸኔ መምሬ ጥላቸውን ይዘው ከታች ብቅ አሉ።

እኔ ደጄ ላይ ቆሜ አያለሁ። የእንዳላማው ፊት አመድ መሰለ። ቢያልፋቸው ጤናዬ ቀረች። ፍሬን ቢረግጥ ክላክሱ ካህን ላይ ይጮኻል፤ ብትጠፋበት ደግሞ ገዢው ይነቃል። መቼም ጣራ የላትም፤ ዘሎ ወረደ። ተንከባሎ ተነሳና፣ አቧራውን ሳያራግፍ ጎንበስ ብሎ መስቀል ተሳለመ። ደርቤ ብቻውን ቁልቁል ሄደ። መኪናዋ ረግረግ ገብታ ቆመች።

«መኪናዋ ሳትቆም ወረድክ?» አሉ መምሬ።

«እርስዎን አይቼ ነው፣ አባቴ።»

ደርቤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ እየተሳደበ ወጣ። መምሬ፣ በቅሎ ሲሸጥ እንደሚደረገው የመኪናዋን ነውር ተናገር ብለው እንዳላማውን አዘዙት። እሱም ፍሬኑንና ክላክሱን፣ የማይበራውን መብራት ሁሉ ተናዘዘ።

ደርቤ ረግረጉ ውስጥ ወደቆመችው መኪና ዞሮ አየ። «እንዲህ ያለች መኪና ያለው ሌላ ሰው ቁይ ውስጥ አለ?»

«ማንም የለውም» አለ እንዳላማው።

«እንግዲያው ገዝቻለሁ።»

በሬ ጠምደው ሲጎትቷት፣ ደርቤ መሪውን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። መምሬ መንገዱ ዳር ቆመው ጠበቁት። በሬዎቹ በዝግታ አለፉ፤ ደርቤም ሳይወርድ አለፈ።

መምሬ ወደ እንዳላማው ዞሩ።

«ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላክ። በእግራቸው ይምጡ።»